የይርጋን አውቶቡሶች ልትገዛ የሄደችው ደጊቱ

ደጊቱ ድንች ነጋዴ ሳለች፣ ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር የሚሄዱት መኪኖች ለሰውም ለጆንያም እያስከፈሉ ትርፏን መንገድ ላይ ያስቀሩባት ነበር። ባሏ ሲሞት ወንድሞቿ የድርሻዋን ከብትና ባሕር ዛፍ ሸጠው አንድ አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ገዙላት። ለሹፌሯ ለአስቻለው የሰጠችው ትእዛዝ፣ «ከታሪፍ ቀንስ፤ የገበያተኛ ጆንያ ደግሞ አይቆጠርም» የሚል ነበር። ወንበሩ የላላ፣ መስኮቱ የሚንኳኳ መኪና ነው። ግን ባዶውን ሄዶ አያውቅም።

በዚያው መስመር ይርጋ የሚባል ሰው ሁለት አውቶቡስ ነበረው፤ አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ። መጋረጃ አላቸው፣ ቴሌቪዥን አላቸው። ያለው ተጓዥ የእሱን ይመርጥ ነበር። ሆኖም መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ነዳጅም ሲጠፋ፣ ያ ተጓዥ ቤቱ መቀመጥ ጀመረ። አምና ሁለቱም መኪኖች የይርጋ ግቢ ውስጥ ቆሙ።

ወሬውን ያመጣላት ደላላ ነው። «እትዬ ደጊቱ፣ ሰውየው ተጨንቋል። ሁለቱንም ይጠቅልሏቸው» አላት።

ደጊቱ ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ስማዳ ድረስ የሚሄድ መኪና ቢኖራት፣ የዚያ አገር ሴቶች ሸክም ይዘው በእግር አይንከራተቱም። ግን አንዱን አሮጌ በስንት ጸሎት ነው የምታቆየው፤ ሦስት ሆነው ቢበላሹባትስ? አስቻለው ደግሞ ቸኩሏል። «እኛ ካልገዛናቸው የሌላ አገር ሰው ይወስዳቸዋል» ይላታል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደጊቱ፣ አስቻለውና ደላላው ይርጋ ግቢ ሄዱ። ቀዩ ሲነሣ ድምፁ ያምራል፤ የአስቻለው ፊት በራ። ደላላው «ሞተሩን ስሙት፤ ገና ልጅ ነው!» እያለ በሩን ይደበድባል። እጁን አጣምሮ የቆመው ይርጋ ድንገት መኪናው ላይ ወጣና ሞተሩን አጠፋው።

«ወይዘሮ ደጊቱ፣ ነጩን ይግዙ። ቀዩን ግን አይግዙት። ሞተሩ ተሰንጥቆ በብየዳ ነው ያያያዝነው። ዳገት ላይ ሲሞቅ ይከዳዎታል።»

«አንተ ሰው፣ አብደሃል?» አለ ደላላው።

«አላበድሁም። እናቴ እንኳን ገበያ የምትሄደው በእሳቸው መኪና ነው።»

ደላላው እየተነጫነጨ ወጣ። «እኔ እርስዎን ላግዝ የመጣሁ መስሎኝ ነበር» አለችው ደጊቱ። ይርጋ ሳቀ፤ ደጃፉ ላይ የቆመችው ሚስቱ ሲስቅ ካየችው ስንት ጊዜ ሆኗት ነበር።

ነጩን ገዛች፤ ይርጋ ያስቀመጠውን መለዋወጫም ጨምራ ወሰደች። ከዚያ፣ «የስማዳን መስመር እርስዎ ይያዙልኝ» አለችው።

«ትናንት የእኔ የነበረ መኪና ላይ ዛሬ ተቀጥሬ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን እኔን ይጠይቁኝ። ባሌ ሞቶ አውቶቡስ ስገዛ ያላለኝ የለም።»

ጥቂት ቀን አሰበበትና እሺ አለ።

ዛሬ ነጩ አውቶቡስ ስማዳ ይመላለሳል። ይርጋም ተሳፋሪውን በስም እየጠራ ያሳፍራል። ሰው «በለፀግሽ እኮ» ሲላት ደጊቱ «እግዜር ሰው ሰጠኝ» ትላለች። ክረምት ሲገባ ጎርፉ መንገዱን ይበላዋል፤ በየጠዋቱ ትደውልለታለች።

«አቶ ይርጋ፣ መንገዱ እንዴት አደረ?»

«ጭቃ ነው፤ ግን ያሳልፋል።»

«ተመስገን። ለእርስዎም እግዜር ይስጥልኝ።»