የእትዬ ይወገድ ኮምፒውተር

በመሥሪያ ቤቱ ስሟን የሚጠራ ሰው የለም። ፊት ለፊቷ «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል «እትዬ ይወገድ»። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናት። ያረጀና የተበላሸ ዕቃ ሁሉ ዕጣው የሚወሰነው በእሷ እስክሪብቶ ነው። ቅጽ ሰባት የሚባል ወረቀት አላት፤ በግራ የዕቃው ስም፣ ቀጥሎ ዕድሜው፣ ቀጥሎ ጉዳቱ፣ በቀኝ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ውሳኔ» የምትል ጠባብ ሳጥን። እዚያች ሳጥን ውስጥ ወይ «ይጠገን» ወይ «ይወገድ» ተብሎ ይጻፋል።

ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ለአንድ ወንበር አዝና «ይጠገን» ብላ ጻፈች። ወንበሩ ተጠገነ፣ ቀለም ተቀባ፣ የመምሪያው ኃላፊ ቢሮ ገባ። ኃላፊውም በስብሰባ መሃል ከነሙሉ ክብራቸው መሬት ላይ ተዘረጉ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሁለት ወር ሙሉ «ለመሆኑ ይጠገን ያልሽው በምን ተነሥተሽ ነው?» ስትባል ከረመች። ከዚያ ወዲህ ጥበብ ገባት፤ ተወግዶ ያስጠየቀ ዕቃ የለም። የተሰበረውም፣ የላላውም፣ አቧራ ብቻ የጠጣውም «ይወገድ»። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ከመጣላት ደግሞ ሳታነብ ትመልሰዋለች።

እንግዲህ ጉዷን ስሙ። ይህች ሴት ቤቷ ስትገባ ኮሎኔል ናት።

ልጇ አግብቶ ሲወጣ የጌም ኮምፒውተሩን ጥሎላት ሄደ። አንድ ቀን አቧራውን ልትወለውል ተጠግታ የሆነ ነገር ነካች፤ ስክሪኑ ላይ ታንክ ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ባሏን ጠይቁት። ዛሬ በኢንተርኔት በሚጫወቱት የታንክ ጌም አምስት ታንክ ያለው ቡድን መሪ ናት። ከአባላቱ አንዱም ፊቷን አይቶ አያውቅም፤ በማዳመጫው ድምፅዋን ብቻ ሰምተው በጡረታ የወጣች የጦር መኮንን ናት ብለው ደምድመዋል። እሷም አላስተባበለች። ቢሮ ሰው የሚፈልጋት ለፊርማ ነው፤ ባሏ የሚያዳምጠው ራዲዮኑን ነው፤ ልጇ ሲያስታውስ ይደውላል። እዚያ ግን «ኮሎኔል ገቡ?» እያሉ የሚጠብቋት አራት ሰዎች አሉ። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ እኔም የነገርኳችሁ ያለዚህ ነገሩ ስለማይገባችሁ ነው።

የፍጻሜው ግጥሚያ ቅዳሜ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ነበር። ማክሰኞ ልምምድ ላይ ሳሉ ኮምፒውተሩ አጓራ፣ ተንገጫገጨ፣ ድርግም አለ። የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ቁልፉን ብትጫነው፣ ገመዱን ነቅላ ብትሰካው፣ ጎኑን በመዳፏ ቸብ ቸብ ብታደርገው ወይ ፍንክች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ምክትሏ፣ ጥይት የሚባለው የዚያው ከተማ ወጣት፣ ስልኳ ላይ መልእክት ላከ። «ኮሎኔል፣ አይቀየሙኝና ዕቃዎ አርጅቷል። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ለቡድኑ ሲባል በምትክዎ ሌላ ሰው እናስገባለን።»

«በምትክዎ» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አነበበቻት። ለልጇ ደወለች።

«እማ፣ እሱ እኮ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው» አላት። «ጣይውና አዲስ ላዝዝልሽ።»

«መቼ ይደርሳል?»

«በወር ውስጥ።»

«ቅዳሜ ነው የምፈልገው።»

«ቅዳሜ ምን አለ?»

«ጦርነት አለብኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

ባሏ ከወዲያ ሆኖ ሰምቶ ኖሯል። «ልጁ እውነቱን ነው። ጣይውና እዚያ ጥግ ላይ ብፌ እናቁምበት፤ ቤቱም ቤት ይመስላል።»

«ያረጀ ሁሉ ይጣላል እንዴ?» አለች እትዬ ይወገድ።

ባልየው ራዲዮኑን ዘጋ። በትዳር ዘመኑ የዜና ሰዓት ላይ ራዲዮ ሲዘጋ ይህ የመጀመሪያው ነው። ይህች ሴት የሠርጉን ጫማ ጥላበታለች፣ የአባቱን የቆዳ ቦርሳ ጥላበታለች፣ አንድ ጊዜም ሊጠግነው ያስቀመጠውን ሰዓት ከነመፍቻው ጥላበታለች። «ጫማዬን ስትጥይው ይህችን ብታስቢ ምን ነበረበት» አለና ራዲዮኑን መልሶ ከፈተ።

ረቡዕና ሐሙስ ከሥራ መልስ ኮምፒውተሩን በአንሶላ ጠቅልላ ስትንከራተት አመሸች። የገባችባቸው ሱቆች መስታወታቸው የሚያብረቀርቅ፣ ልጆቹም በአንድ ዓይናቸው ስልክ በአንድ ዓይናቸው ደንበኛ የሚያዩ ናቸው። አንዱ አንሶላውን እንኳ በወጉ ሳይገልጥ «ይህ አይጠገንም፣ እናቴ» አላት።

«ሳትከፍተው በምን አወቅህ?»

«ዕድሜውን አይቼ ነዋ።»

ቆሽቷ አረረ። ሳያዩ መፍረድ ምን የሚሉት ግፍ ነው እያለች ወጣች። እሷ ራሷ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ዕቃ ከፍታ አይታ አለማወቋ ያን ሰዓት ትዝ አላላትም፤ ትዝ ያለን እኛ ነን እንጂ እሷማ የት አስባው። በመጨረሻው ሱቅ አንዲት ገንዘብ ተቀባይ አዘነችላትና «ከዋናው ዳቦ ቤት ጀርባ አንድ ሰውዬ አለ» አለቻት። «የሞተ ያስነሣል ይሉታል።»

ዓርብ ከሥራ አስፈቅዳ ሄደች። ጠባብ ክፍል ናት፤ እስከ ጣሪያው ድረስ አሮጌ ዕቃ የተደረደረባት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰው አጎንብሶ፣ ሁለት ብሎን በከንፈሩ ይዞ፣ ይፈታታል። ቀና ሲል አወቀችው። በመሥሪያ ቤቱ የጥገና ክፍል የነበረው፣ «ብሎን» እያሉ የሚጠሩት ሠራተኛ ነው። የጥገና ክፍሉ ከተዘጋ ስምንት ዓመት ሆኖታል።

«ብሎን» አለች። ወዲያው ለልመና እንደመጣች ትዝ ሲላት አስተካከለች። «ወንድሜ።»

ሰውየው ብሎኖቹን ከአፉ አወጣ። «ዛሬ ደግሞ ወንድም ሆንኩ? ይቀመጡ፣ እትዬ።»

ወንበር ሳበላት። ልትቀመጥ ስትል መደገፊያው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አየች፤ የራሷ የእጅ ጽሕፈት ነው። ዞር ብላ መደርደሪያውን ብታይ ሁሉም ላይ ቀይ ቁጥር አለ። ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሚዛኑ ይመዝናል። እሷ ያስወገደቻቸው ሁሉ እዚያ ቁጭ ብለው ሥራቸውን ይሠራሉ። በቀስታ ተቀመጠች፤ ወንበሩ ጭጭ አለ።

«ለቅዳሜ ካላደረስክልኝ ጉድ ሆኛለሁ» ብላ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አጫወተችው፤ ታንኩን፣ ቡድኑን፣ «በምትክዎ» የምትለዋን ቃል ሳይቀር። እንዴት ሁሉንም እንደነገረችው ራሷም አልገባት።

ሰውየው አልሳቀም። መሳቢያውን ስቦ አንድ ወረቀት አወጣ፤ ቅጽ ሰባት። «ከእኔ ጋር አብሮ የተወገደ ነው» አለና መሙላት ጀመረ። «የዕቃው ዓይነት፣ ኮምፒውተር። ዕድሜ?»

«አሥራ አንድ።»

«በመመሪያው መሠረት ከአምስት ዓመት በላይ የሆነው ምን ይደረጋል? መመሪያውን ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

«ግን እኮ ይሠራል» አለች። «ትንሽ ነገር ነው የሆነው። ከፍተህ ብታየው ይሠራል።»

«እኔም ያን ጊዜ ይህንኑ ብዬ ነበር። ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ።»

«ለማን?»

«ለእርስዎ።»

በጣቱ ግድግዳውን አሳያት። በመስታወት የታሰረ ወረቀት ተሰቅሏል። ተነሥታ መነጽሯን አደረገች። ተራ ቁጥር አሥራ ሦስት፣ መሰላል፣ አንድ እግሩ የተሰበረ፣ ይወገድ። ተራ ቁጥር አሥራ አራት፣ የጥገና ክፍል ከነሠራተኛው፣ አያዋጣም፣ ይወገድ። ተራ ቁጥር አሥራ አምስት፣ ምንጣፍ፣ ይወገድ። ከሥር የእሷ ፊርማ፣ ጅራቱ እንደ ወትሮው ወደ ላይ የተቆለመመ።

«ከላይ የመጣ ነው ሲሉ ሰምቼ…» አለች።

«ላይማ እርስዎ ነበሩ፣ እትዬ።»

ያን ቀን ትዝ አላት። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ አርባ ዕቃ ነበር፤ አላነበበችውም። አፈረች። ስትፈርም አንድ ቀን እንኳ አፍራ የማታውቅ ሴት፣ በሰው ክፍል መሃል ቆማ እስከ ጆሮዋ አፈረች። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ ቁናው የራስ ሲሆን ግን ይከብዳል።

ብሎን ኮምፒውተሩን ፈታው። የአሥራ አንድ ዓመት አቧራ አራግፎ፣ ኃይል የሚያከፋፍለውን ክፍል ገልጦ፣ ጣት የማታህል ያበጠች ነገር አሳያት። «ይህች ናት። ሌላው ደኅና ነው።» ከመደርደሪያው ቀይ ቁጥር ያለበት ሌላ ኮምፒውተር አውርዶ ከእሱ ያችኑ የመሰለች ነቅሎ በምትኳ በየዳት። ቁልፉን ሲጫነው ማሽኑ እንደ ልማዱ አጓራና ተነሣ። እትዬ ይወገድ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አቧራው ነው አለች።

«ሒሳቡን እንደማንኛውም ሰው ይከፍላሉ» አለ ሰውየው። «ሌላ ግን አንድ ነገር አለ።» መስታወቱን ከግድግዳው አወረደ፣ ወረቀቱን አወጣ፣ እስክሪብቶ ሰጣት። «አሥራ አራተኛው ጎን፣ ዛሬ የታየዎትን ይጻፉልኝ። ወደ ሥራ ለመመለስ አይደለም። ይኸው ደኅና እበላለሁ። ሲገቡ ሲወጡ ይህን ወረቀት የሚያዩት ልጆቼ ስለሆኑ ነው።»

ከልቧ ጻፈች። ጽፋም ፈረመች፤ ጅራቱንም ቆለመመችው። ከዚያ ሁለቱም ወረቀቱን አዩት።

«ይወገድ» ይላል።

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቃል ብቻ የጻፈ እጅ ሌላ ቃል ከየት ያምጣ። ብሎን አልተቆጣትም፤ ተቆጥቶ ቢሆን ይሻላት ነበር። ወረቀቱን ከእጇ ሊወስድ ሲል ያዘችው።

«ቆይ።»

«ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም» አለ ቀስ ብሎ። «የእርስዎ ቃል ነው።»

«ይኑርበት» አለች። ያንን ቃል በመስመር ሰረዘችው፤ አንድ መስመር አልበቃ ብሏት ደገመችው። አጠገቡ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል በፊደል «ይጠገን» ብላ ጻፈች። ምላሷ በከንፈሯ ጥግ ወጥቶ ነበር። ከሥሩም «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ጨመረችበት፤ ቅጹ ላይ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ ስለሌለ ኅዳጉ ላይ ነው የጻፈችው። ብሎን እንዳለ፣ ከነስርዙ፣ መልሶ ሰቀለው።

ቅዳሜ በአሥር ሰዓት «ኮሎኔል ገቡ» ተባለ። በአሥር ሰዓት ከሃያ ተሸንፈው ነበር። ጥፋቱም ኩልል ያለ የጥይት ነው፤ ተኩስ በተባለ ጊዜ ሁለት ጊዜ ቆሞ ቀርቷል።

«ከእንግዲህ ሌላ ሰው በምትኩ እናስገባ» አለ ከአባላቱ አንዱ በማዳመጫው። ሌላው ተስማማ፣ ሦስተኛውም። «ኮሎኔል ይወስኑ። ይወገድ አይደል?»

እትዬ ይወገድ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ እንደ ልማዱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ተቀምጦ ነበር። ዋጥ አደረገችው።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው የቆምከው?»

«ኪቦርዴ ነው» አለ ጥይት። «የተኩሷ ቁልፍ ከተበላሸች ወር ሆኗታል። እንዳትተኩኝ ብዬ አልተናገርኩም።»

«ከዋናው ዳቦ ቤት ጀርባ አንድ ሰው አለልህ» አለች ኮሎኔል። «ሰኞ ኪቦርድህን ይዘህለት ሂድ። ቅጽ ይዘህ እንዳትለፋ፣ እሱ ዘንድ ሞልቷል።»