የአባቴ ስም በምን ቀለም

ማስታወቂያ ሠሪው ፍኖተ ሰላም ባለችው የሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ ደጃፍ ቆሞ «አያሌው» የሚለውን ስም በሪሞት አንዴ በቀይ፣ አንዴ በነጭ ያበራዋል። አያሌው ሟቹ አባቴ ነው።

«ቀዩ ከሩቅ ይጣራል። ወስን እንጂ ወንድሜ!»

ቀዩ በበራ ቁጥር የልጅነቴ አንድ ቀን ትዝ ይለኛል። ሰባት ዓመቴ ላይ እናቴ ለአባቴ መታሰቢያ ዳዊት ልታስጽፍ፣ ቡሬ አጠገብ ካሉ መሪጌታ ዘንድ ይዛኝ ሄዳ ነበር። ብራናው ፍየል ፍየል ይሸታል። ቀይና ጥቁሩ ቀለም በሁለት ቀንድ ተቀምጧል።

«የኔታ፣ የክርስትና ስሙን በቀዩ ያድርጉልኝ» አለች።

«ቀዩ የቅዱሳን ነው፣ ልጄ።»

«ከእኔ ጋር አሥር ዓመት ችሎ ኖሯል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ጽድቅ አለ?»

መሪጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ብርዑን ጥቁሩ ውስጥ ነከሩ። «የምንለምናቸው በቀይ፣ የምንለምንላቸው በጥቁር ነው» አሉ። እናቴ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እኔ ግን አባቴን የበደሉት መስሎኝ ተናደድኩ።

«ጥቁር መብራት የለህም?» አልኩት ማስታወቂያ ሠሪውን። ሳቀብኝ።

«እንግዲያስ ነጩ ይሁን» አልኩት።

አስፋልቱን ተሻግሬ አየሁት፤ ከቀዩ ይደበዝዛል። ተሳፋሪ የሚጠብቅ የባጃጅ ሹፌር ቀና ብሎ አነበበና «አያሌው አንተ ነህ?» አለኝ።

«አባቴ ነው። ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።