ባዶ አውሮፕላን ላይ የጭነት ኃላፊ

የልጄ ሥራ ጭነት ነው። ወታደራዊ የጭነት አውሮፕላን ላይ ዕቃው በሚዛን መቀመጡን፣ በመረብና በገመድ መታሰሩን፣ በበረራ መሃል እንዳይንሸራተት ትቆጣጠራለች። እኔም ጡረታ ወጥቼ ሆሳዕና ከተማ ከመግባቴ በፊት የእነዚሁ አውሮፕላኖች ቴክኒሻን ነበርኩ። ስለዚህ ክፍላቸው በአየር ትርዒት ላይ አንድ የጭነት አውሮፕላን እንደሚያበርና እሷም ውስጡ እንደምትሆን ደውላ ስትነግረን፣ እናቷ እልል ስትል እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው።

«ምን ጭናችሁ?»

«ምንም፣ አባዬ። ባዶውን ነው የሚበረው።»

«ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ለክብር ነዋ!» አለችና ሳቀች።

ለክብር። እኔም በወጣትነቴ ሥራ ሳይኖረኝ ለክብር ተሳፍሬ አውቃለሁ፤ ማንም ውረድ አላለኝም። ትልቅ አውሮፕላን ባዶውን ሲሆን ይቀለዋል፣ እንደ ወይፈን ልፈንጭ ይላል። አብራሪው ሽቅብ ያስወጣዋል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ በጎኑ አጋድሎ ያዞረዋል። ባጋደለ ቁጥር ክንፉ ላይ ሸክሙ ይበዛል፤ ፍጥነቱ ካነሰ ክንፉ ይከዳል። ከፍታ ላይ ቢከዳ አፍንጫውን ደፍቶ ማዳን ይቻላል። መሬት አጠገብ ግን ስህተት ማረሚያ ቦታ የለም። ደግሞ በልምምድ ትናንት ደህና ያረፈ ሰው ዛሬ ትንሽ ጨምሮ ያጋድላል። ይህንንና ማንም ያለ ሥራው አይሳፈር የሚለውን በየስብሰባው ስናገር ጸጉሬ ሸበተ። መልሱ ሁልጊዜ «እስካሁን ደህና ነን እኮ» ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብል ፈሪ ተባልኩ። በመጨረሻ ሰለቸኝና ዝም ማለት ጀመርኩ፤ ዝም እንዳልኩ ጡረታ ወጣሁ።

በሳምንቱ ልጄ ከልምምዱ የተቀረጸ ቪዲዮ በቴሌግራም ላከች። ባለቤቴ የልጇን ፈገግታ እያየች ስልኩን ትስማለች። እኔ ያየሁት ከልጄ ጀርባ ያለውን ክብ መስኮት ነው። መስኮቱ ውስጥ ሰማይ የለም። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ሞልቶታል፣ ምስማሩን ልቆጥረው ምንም አልቀረኝም።

«ምን ሆነሃል አንተ? ልጅህ እኮ ናት!» አለች ባለቤቴ።

«ልጄ ስለሆነች ነው» አልኳት። እሷ ግን ለቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ኅብረት ተናግራ፣ ጎረቤቱን ለቅዳሜ ጠርታ፣ እህቷንም ከቦኖሻ አስመጥታ ነበር።

የትርዒቱ ኃላፊ ድሮ በእጄ ሥራ ያስለመድኩት ልጅ ነው፤ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። ደጅ ወጥቼ ደወልኩለት።

«ጋሼ! እንኳን ደስ አለዎት!»

«ደስ አላለኝም። ማጋደሉ በዝቷል። ዝቅታውም አላማረኝም።»

«ኧረ ጋሼ፣ እስካሁን ደህና ነን እኮ።»

ያችው ቃል። መከራከር ነበረብኝ። ጉልበቱ ግን የለኝም ነበር፣ ወይም የለኝም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። «እንግዲያው ልጄን አውርድልኝ» አልኩት። «እርስዎ ካሉማ!» አለ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ሐሙስ ዕለት ልጄ ለእናቷ ደውላ በሌላ ሥራ እንደተመደበች ነገረቻት። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። ባለቤቴ እንግዶቿን መመለስ አፈረችና ለማንም አልተናገረችም። ቅዳሜ ሳሎናችን ጢም አለ። አውሮፕላኑ በቴሌቪዥኑ ላይ በጎኑ ተኝቶ ሲዞር እልልታው ቤቱን አናወጠው፤ የባለቤቴ እህት «ያቺ መስኮት ጋ ናት!» ብላ በጣቷ ታሳያለች። ባለቤቴም «አዎ፣ እዚያ ናት» ትላለች። እኔ ልጄ እዚያ እንደሌለች እያወቅሁ በላብ ተጠመቅሁ። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ።

ለመስቀል ልጄ መጣች። እናቷ የሀዲያን የመስቀል ምግብ አተካና ሠርታ ቅቤውን አትረፍርፋ አቀረበችላት፤ እሷ ግን አልነካችውም። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ከአውሮፕላኑ ያስወረድከኝ አንተ ነህ አሉ።»

«እኔ ነኝ» አልኳት። ይቅርታ አልጠየቅሁም። ስለ ክንፉ፣ ስለ ዝቅታው፣ ስለ ፍጥነቱ ላስረዳት ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።

«ይገባኛል፣ አባዬ። እኔም ተምሬዋለሁ። አደጋ አለው ካልክ አለው። ግን በእኔ ቦታ ማን እንደገባ ታውቃለህ?»

«ሰው ገባበት እንዴ?»

«የዱራሜ ልጅ ነው፤ አብረን ነው የሠለጠንነው። አባቱን አያውቀውም፣ እናቱ ብቻዋን ናት ያሳደገችው። ለእሱ ማን ይደውልለት?»

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እኔ ግን ለራሴ ቆርሼ ሌላው የሚደርሰውን እንኳ አላየሁም። አፈርኩ። ከልጄ ዓይን የምሸሽበት አጥቼ ጫማዬን አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ማንም ያለ ሥራው አይሳፈር ስል ኖሬ፣ የሚሰማኝ ሰው ባገኘሁ ቀን የተናገርኩት እንደ ዘመድ ነው። «ማንንም አታሳፍር» ብለው ኖሮ የዚያች እናት ልጅም ቅዳሜን መሬት ላይ ይውል ነበር። ልጄ በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ሄደች፤ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት።

ከመናኸሪያው ሳልወጣ ለትርዒቱ ኃላፊ ደወልኩ። ለሌላ ትርዒት ልምምድ እንደጀመሩ ሰምቼ ነበር።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ» አልኩት። «ባዶ አውሮፕላን ላይ ሥራ የሌለውን ሰው በሙሉ አውርድልኝ። የሚያበሩት ብቻ ይብረሩ።»

አጠገቡ ያለ ሰው እንዳይሰማበት ነው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ገብቶኛል፣ ጋሼ» አለኝ። «የእርስዎ ሰው የትኛው ነው?»