ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

ከተማችንን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች ተራራውን ሲያዩ አፋቸውን ይከፍታሉ። እኔ ተራራውን የማውቀው በክረምት ነው። ውሃው ከላይ ወርዶ ቤታችን መሠረት ሥር ይተኛል፤ ከዚያ ግድግዳውን ውስጥ ለውስጥ እያራሰ ወደ ላይ ይወጣል። ግቢያችን ዳገቱን ተጠግቶ የተሠራ ስለሆነ ከሁሉ በፊት የሚረጥቡት ከኋላ ያሉት ሁለት የኪራይ ክፍሎች ናቸው። አንዱ የእኔ ነው፣ ሌላው የስቱኮ።

ስቱኮ የምለው ጎረቤቴን ነው። ቀለም ቀቢ ነው፤ ስቱኮ በሚሉት ነጭ ለጥፍ ግድግዳ ሲያለሰልስ ያየ ሰው ያወጣለት ስም ነው። ከሚስቱና ከአማቱ ጋር ይኖራል። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ጠባቸውንም እርቃቸውንም አብሬያቸው እኖራለሁ።

የዚህ ሰው ጣጣ እጁ አለማረፉ ነው። ስንጥቅ ካየ ሳይደፍነው እንቅልፍ አይወስደውም። የተከራየውን ቤት ሁሉ ያሳምራል፤ ቤቱ ሲያምር ደግሞ የአከራዩ ዓይን ይገለጣል። አንዱ ልጄ ሊያገባ ነው ብሎ አስወጣው፣ ሌላዋ እህቴ ልትመጣ ነው ብላ። አንደኛውማ እጅህ ይባረክ ብሎ መርቆ ነው ያሰናበተው። እሱ ባሳመራቸው ቤቶች ሌላ ሰው ይኖራል። ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ በእነዚያ በሮች ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች።

እዚህ ሲገቡ ብሩሽ እንዳያነሳ በእናቷ አስማለችው። አማቲቱ አስም አለባቸው። ባለፈው ሲለቁ ዝናብ መጣና ከፍራሹ ጋር ታቅፈዋቸው ነው የመጡት። ከዚህ ቤት የሚወጡት ለመቃብር ብቻ እንደሆነ ቁርጡን ነግረዋቸዋል።

ሰውየው ቃሉን ጠበቀ፤ ክረምት ገብቶ በአልጋቸው በኩል ያለው ግድግዳ ሻጋታ እስኪያበቅል ድረስ። ያን ጊዜ የአሮጊቷ ሳል ተለወጠ። ስሰማቸው የእኔም ትንፋሽ አብሮ ይያዛል። ለአከራያችን ነገርናት፤ እሺ እሺ ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ስቱኮ ከሥራ ሲገባ ልብሱን እንኳን ሳይቀይር አማቱ እግር ሥር ቁጭ ይልና ግድግዳው ላይ ያፈጣል። ቢጠግነው ቤቱን ሊያጣ፣ ቢተወው እሳቸውን ሊያጣ።

አከራይዋ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ የሰነበተች ጊዜ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ከቤቱ ጀርባ ቦይ ቆፈረ፣ የበሰበሰውን ልስን አረገፈ፣ ውሃ በማያስገባ ሲሚንቶ መልሶ ለሰነው። እስኪደርቅ አሮጊቷ እኔ ጋ ሰነበቱ። ከዚያ አለሰለሰው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ነጭ ቀለም ደረበበት። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር።

"አበቃልን። ካርቶን ልፈልግ በቃ?" አለችው።

"ገና አልጨረስኩም" አላት።

ቡናማና አረንጓዴ ቀለም በውሃ አቀጠነና በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ያንኑ ሻጋታ ነጩ ላይ መልሶ ሳለው። ታች ወፈር፣ ላይ ሳሳ ያለ። ጠርዙ ላይ ያለችውን ቢጫ መስመር እንኳን አልረሳትም። በማግስቱ ሚስቱ ራሷ ረስታው በጨርቅ ልትወለውለው ተነሳች፤ አሮጊቷ በሳቅ ፍርስ አሉ።

አከራይዋ እንደተመለሰች ክፍሉን ልይ ብላ ገባች። እኔም እዚያው ነበርኩ። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየችና አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች።

"እኔ እኮ ሳሎኔን ላንተ ላስቀባ አስቤ ነበር። የሚተኛበትን እንዲህ አድርጎ የሚኖር ሰው የእኔን ምን ሊያደርገው ነው? ባለሙያ ነኝ ስትል አታፍርም?"

አማቲቱ ከአልጋቸው ቀና አሉ። ሊናገሩ ነው። ሚስቱ እጃቸውን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ስቱኮ አንገቱን ደፋ።

"እውነትዎን ነው እትዬ" አለ።

አከራይዋ ታዲያ ይህ አልበቃትም፤ ሰፈሩን በወሬ አዳረሰችው። ሊያሠሩት የነበሩ ሰዎች ሌላ ቀለም ቀቢ ጠሩ። እኔ ብሆን ጎትቼ ወስጄ በጥፍሯ ግድግዳውን አስፍቃት ነበር። እሱ ግን ሌላ ሰፈር ሥራ ፍለጋ ማልዶ ይወጣል፣ ደክሞት ይገባል። የአማቱ ሳል ቀስ በቀስ ቀነሰ፣ ጠፋ። አሁን በግድግዳው የምሰማው የአሮጊቷን ማንኮራፋት ነው፤ እሱም ራሱን የቻለ መከራ ነው።

በቀደም ከሥራ ሲመለስ በሬን አንኳኳ።

"እህቴ፣ አንዴ ነይማ።"

ተከትዬው ገባሁ። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረገው። ከጀርባው፣ ሻጋታ ያልሳለባት ትንሽ ነጭ ቦታ አለች።

"ዳስሺው" አለኝ።

እጄን ሰደድኩ። ደረቅ ነው፤ እጄ የሚይዘው ነገር አጥቶ ተንሸራተተ። ቀና ስል እሱ ግድግዳውን ሳይሆን ፊቴን ነበር የሚያየው።

"ጥሩ ነው?"

እንባዬ መጣ።

"ጥሩ ነው" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ቁም ሳጥኑን ወደ ቦታው መለሰው።