ፈገግታ ያልታዘዛት ምራት

ሳዳፍ ለባህሮም ተድራ ወደ ከተማችን ማርጊላን ስትመጣ የሰፈራችን ሴቶች ዓይን እሷ ላይ ነበር። እኛ ዘንድ አዲስ ምራት በማለዳ ተነስታ ግቢ ትጠርጋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ጎንበስ ብላ እጅ ነስታ ሻይ ትቀዳለች፤ ፊቷም ፈገግ ማለት አለበት። ችግሩ እዚያ ላይ መጣ።

ጠዋት ደህና ናት። ከሰዓት በኋላ ግን የዓይኗ ቆብ ይወድቃል፣ ከንፈሯ አልታዘዝ ይላታል። ልትስቅ ስትሞክር የምታሽሟጥጥ ትመስላለች።

«ምራትሽ እኛን ስታይ እንቅልፏ ይመጣል ልበል?» አለቻት ጎረቤታችን ኦይዲን፣ የሳዳፍን አማት ዙምራድን። «ከገጠር መጥታ ንግሥት ሆነችብን!»

ሴቶቹ ሲሄዱ ዙምራድ ተቆጣች፦ «አንቺ ልጅ፣ ሰው ትጠያለሽ?»

«ኧረ አልጠላም፣ እማማ።»

ከዚያ በላይ አትናገርም። ጡንቻ የሚያደክም በሽታ እንዳለባት ከሠርጉ በፊት ጀምሮ ታውቃለች። እናቷ ግን «ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ከሰሙ ይመልሱሻል» ብላ አስምላታለች። ኪኒኗን ተደብቃ ትውጣለች። ባህሮምም ለሥራ ሩሲያ ነው፤ አያውቅም። አመሻሽ ላይ ሲደውል የስልኩን ካሜራ ወደ ወይኑ ሐረግ ታዞርና «እንዴት እንዳፈራ እይልኝ» ትለዋለች።

በመከር ኦይዲን ለልጅ ልጇ ግርዛት ደገሰች። ሳዳፍ የድግሱን ሩዝ ጎረሰች፤ መዋጥ አቃታት።

«ምግባችንም አልጣማትም!» አለች ኦይዲን።

ሳዳፍ ልታስል ሞከረች፤ ጉልበት አጣች። ከንፈሯ ሲጠቁር ነው ሴቶቹ የጮኹት። ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሷት፤ ሐኪሙ ስለ በሽታዋ ሁሉንም ለዙምራድ ነገራት።

ስትነቃ ዙምራድ አጠገቧ ተቀምጣለች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት ለልጅዎ ያጩኝ ነበር?»

ዙምራድ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ሳበችላት።

ወደ እናቷ ቤት አልመለሷትም። ባህሮም ሲሰማ «በርቺ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሴቶቹ ሐሜቱን ተዉ፤ አሁን እሷ ስትገባ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ሊጥ ልታቦካ እጇን ስትዘረጋ «ተይ፣ አንቺ አትድከሚ» እያሉ ይነጥቋታል። ኦይዲን እንኳ የፍራፍሬ ማርማላታ በር ላይ አስቀምጣ፣ ሳትታይ ትሄዳለች።

«እማማ፣ ሲሰድቡኝ ቢያንስ ያዩኝ ነበር» አለች ሳዳፍ አንድ ቀን።

ዙምራድ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ኦይዲን ቤት ሄደች። «ከሰዓት የምንጠጣውን የሴቶቹን ሻይ ጠዋት እናድርገው፤ ሳዳፍ ጠዋት ደህና ናት።»

«ጠዋት ሥራ የፈታ ማን አለና?»

«እኔ ቤት ይሁን። የመጣ ይምጣ።»

ሁለት መጡ። ሳዳፍ ሻይ ቀዳችላቸው።