የቁም ሳጥናችን መስታወት

ባለፈው ወር ከካዛንቺስ ቤታችን ስንለቅ፣ ዕቃ ከሚጭኑት ሰዎች አንዱ የቁም ሳጥናችንን በር ከፈት ዘጋ እያደረገ፣ "እናቴ፣ የዚህ መስታወት ተሰብሮ ነው?" አለኝ። "አይ፣ ለትምህርት ቤት ሰጥቼው ነው" አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ቁም ሳጥኑ አይሱዙው ላይ ከወጣ በኋላም እኔ የማስበው ያንኑ ነበር።

መስታወቱን የሰጠሁ ጊዜ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ልጄ ቤዛ ስድስት ዓመቷ ነው። ትሰማለች፣ አምጪ ያሏትን ታመጣለች፤ ግን አትናገርም። አራስ ሳለሁ አማቴ እማማ ተዋበች ሊጠይቁኝ መጥተው፣ "ሕፃን መስታወት ካየ ምላሱ ይታሰራል፤ እንዳታሳዪያት" ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ። የቁም ሳጥኑን መስታወት በአንሶላ ሸፈንኩት። ባለቤቴ የሚላጭባትን ትንሿን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባት፤ እሱም ሳይወድ መሥሪያ ቤቱ መላጨት ለመደ። በፀጉር ቤት በር ሳልፍ እንኳ ልጄን ወደ ሌላው ጎኔ አዞራት ነበር። ይህን ሁሉ አድርጌም ቤዛ አፏን አልፈታችም። ጥንቃቄዬ አንሶ ይሆናል እያልኩ እጨነቅ ነበር።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ባምቢስ አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት፣ መናገር ለሚቸግራቸው ልጆች ክፍል ሊከፍት ነው ተባለ። ክፍሉ የተሰበረ ዴስክ ሲጠራቀምበት የኖረ ጠባብ ቤት ነው፤ ከግድግዳው በቀር ምንም የለውም። ወላጆች ተሰብስበን ካለን ዕቃ እንድንሰጥ ጠየቁን። ልጆቹን የምታለማምደው መምህርት ሰብለ የምትባል፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። አንዷ እናት ምንጣፍ አለች። ኦሎምፒያ ካፌ ያለው አባት ትንንሽ ወንበሮችና ልጆቹ መሳብና መንፋት የሚለማመዱበት አንድ ካርቶን ስትሮ ቃል ገባ። አንድ ሰውዬ ተነሥተው፣ "እኔ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት አመጣለሁ" አሉ።

"ሰዓቱ ይቅርብን አባቴ" አለች መምህርቷ። "እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም እንዲቸኩል አልፈልግም። የቸገረኝ መስታወት ነው። ልጁ የእኔንና የራሱን አፍ አብሮ እያየ ነው የሚማረው። ሁለታችንን የሚያሳይ ትልቅ መሆን አለበት። ያለሱ መጀመር አልችልም።"

መስታወት አለኝ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አልተነሣሁም። ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ፤ በተማረ ሰው ፊት ተነሥቼ፣ "መስታወትስ እኔ ጋ አለ፤ ግን ልጅ ዲዳ ያደርጋል" ልበል? ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ዳር በቆሎ ይጠበሳል። ለቤዛ ገዛሁላት። እሷ ፍሬ በፍሬ እየፈለፈለች ታጎርሰኛለች።

እማማ ተዋበች ለመስቀል ከደብረ ብርሃን መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። ነገርኳቸው።

"የትኛውን መስታወት ነው የምትዪው?" አሉ።

"የተሸፈነውን ነዋ። እርስዎ አይደሉ እንዴ እንዳታሳዪያት ያሉኝ?"

"እኔ ጥርስ እስክታወጣ ነው ያልኩሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ? አንሶላውን ሳይ እኮ፣ አቧራ እንዳይነካው የምትሳሺለት መስሎኝ ነው።"

"ጥርስ ብለው አልነገሩኝም እማማ።"

"አንቺስ መች ጠየቅሽኝ ልጄ።"

በማግስቱ ባለቤቴ መስታወቱን ከበሩ ላይ ፈታው። በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ይዘን በእግራችን ሄድን። የሌሊቱ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል፤ ቤዛ ቀሚሴን ይዛ ትከተላለች። በየእርምጃው "ቀስ በል" ስለው፣ "በቃ እኮ፣ አስከሬን የተሸከምን አታስመስዪው" አለኝ።

ክፍሉ ትኩስ ቀለም ይሸታል። መስታወቱ ተሰቀለ፤ መምህርት ሰብለ ቤዛን አጠገቧ አስቀመጠቻት። እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። እማማ ቢሳሳቱስ? ጥርስ ያሉት እኔን ለማጽናናት ቢሆንስ? መምህርቷ ጉንጮቿን ነፋች። ቤዛ ዓይኗን ከመስታወቱ አልነቀለችም። ከዚያ እሷም ጉንጮቿን ነፋችና "ፑ" ብላ ለቀቀችው።

"ጀምረናል" አለች መምህርቷ።

የመጀመሪያውን ቃል የሰማሁት ለፋሲካ ነው፤ ወጥ ስጨምርላት "በቃ" አለችኝ። ጭልፋው እጄ ላይ እንዳለ ቀረሁ።

ቤዛ ዛሬ ስታዲየም አካባቢ አንድ ቢሮ ትሠራለች። ሲደክማት አንዳንድ ቃል ይይዛታል፤ እሱን ትታ በሌላ ትዞራለች። የመስታወቱን ነገር ግን አፍሬ ነግሬያት አላውቅም ነበር። አዲሱ ቤት በገባን ሰሞን ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣

"ያን ቀን እኮ አስታውሳለሁ" አለችኝ። "ከኋላዬ ቆመሽ አፍሽን በነጠላሽ ይዘሻል። መስታወቱ ውስጥ አንቺን ነበር የማየው። እንደዚያ ፈርተሽ አይቼሽ አላውቅም። አስተማሪዋ ያደረገችውን ካደረግኩ ፍርሃቱ የሚለቅሽ መስሎኝ ነው የነፋሁት።"

እኔ ራሷን የምታይ መስሎኝ ነበር። እናት ልጇን ትጠብቃለች ይባላል፤ እኔም በአቅሜ ጠብቄያታለሁ። እሷ ደግሞ ገና አንድም ቃል ሳይኖራት እኔን ትጠብቅ ነበር።