ዝናብ ሲመጣ የሚጠፋው ፊውዝ

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና ውስጥ የመኪናዬን የዝናብ መጥረጊያ ሞተር አስቀየርኩ። መካኒኩ ሲጨርስ አሮጌውን ሞተር፣ ሳልጠይቀው፣ በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። እንዳልጠረጥረው መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ሳይጠየቅ የሚያስረዳን ሰው ይበልጥ እጠረጥራለሁ። ይህን አመል የወረስኩት ከአባቴ ነው።

አባቴ ባለሱቅ ነበር። በየገበያው ቀን ጨውና ሳሙና በአሮጌ ፒክአፑ ጭኖ ፎንቆ ገበያ ይሄዳል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ማለት ይወዳል። መንጃ ፈቃድ ባወጣሁበት ክረምት እንኳ ቁልፉን አላስነካኝም።

በዚያው ክረምት የፒክአፑ መጥረጊያ ሲያቃስት ከርሞ ቆመ። የሰፈራችን መካኒክ ኤርሱሞ ሞተሩን ቀየረው። ጋራዡ ውስጥ ውሃ እየደፋን ስንሞክረው መስታወቱን ጥርግ አደረገው። አባቴ አሮጌውን ሞተር አምጣ አለ። ኤርሱሞ ለቆራሌው ሰጥቶት ኖሯል። ነገሩ እዚያ ላይ ተበላሸ።

በማግስቱ ገበያ ነው፤ ከማለዳው ጀምሮ ያካፋል፤ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆኗል። አባቴ መኪናውን አስነስቶ መጥረጊያውን ቢከፍተው ንቅንቅ አላለም።

"ሌባ! የራሴኑ ሞተር አጥቦ ነው የገጠመልኝ!"

ኤርሱሞ ተጠርቶ መጣ። ከመሪው ሥር ጎንበስ ብሎ ቆየ።

"ጋሼ፣ ሞተሩ ደህና ነው። ፊውዙ ነው የሌለው። ሰው ነቅሎታል።"

"ከአንተ ሌላ ማን ነክቶት?"

ኤርሱሞ ፊቱ ጠቆረ። አዲስ ፊውዝ ሰክቶ ሄደ። ዝናብ የያዘው ሌላ የገበያ ቀን ሲመጣ ፊውዙ እንደገና ጠፋ። ሰማዩ ጠርቶ ካደረ ግን ማንም አይነካውም። እኔም ተከራያችንን፣ ዘበኛውን፣ ጎረቤቱን ሁሉ በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ ጀመርኩ።

አንድ ዝናባማ የገበያ ማለዳ በመስኮት ሳደባ የመኪናው በር ተከፈተ። እናቴ ናት። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፊውዙን ነቅላ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ወጥቼ ያዝኳት። አልደነገጠችም።

"ሞተሩ ሳይቀየር በፊት ከፎንቆ ስንመለስ ሰው ሊገጭ ነበር። እኔ ነኝ ጮኼ ያስቆምኩት" አለችኝ በሹክሹክታ። "ዓይኑ ደክሟል። በዝናብማ ጭራሽ አያይም።"

"ታዲያ ለምን አትነግሪውም?"

"ነገርኩት እንጂ! 'መጥረጊያው ነው' አለኝ። መጥረጊያው ከሆነ እንግዲህ፣ መጥረጊያው ይበላሽ!"

"ኤርሱሞስ? ሌባ እየተባለ?"

"ነግሬዋለሁ። 'እትዬ፣ እኔን ይስደቡኝ፤ ብቻ እሳቸው አይንዱ' አለኝ።"

ለማንም አልተናገርኩም።

አባቴ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ፣ ዝናቡን እያየ፣ ኤርሱሞን ሲረግም ከረመ። የሚገርመው ግን መኪናውን ሌላ ጋራዥ አልወሰደውም። ሆሳዕና ውስጥ ጋራዥ ሞልቶ!

መስቀል አልፎ ሰማዩ ጠራ። አንድም ዳመና በሌለበት፣ ኮፈኑ በፀሐይ በጋለበት የገበያ ቀን፣ አባቴ ቁልፉን አውጥቶ ዘረጋልኝ።

"አንተ ንዳ" አለ። "በዚህ የሌባ መጥረጊያማ እኔ አልነዳም።"

እናቴ ፊቷን አዞረች። ቁልፉን ተቀበልኩት። ከዚያ ወዲህ አባቴ መሪ አልያዘም።

ዛሬ ሁለቱም የሉም፤ እኔም የዚያን ጊዜውን የአባቴን ዕድሜ ይዣለሁ። እናቴን ሳይጠረጥራት ቀረ ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። አይጥ ኮሽ ስትል የሚነቃ ሰው ነበር። ሚስቱ ዝናብ በያዘው የገበያ ማለዳ ሁሉ ከአጠገቡ ስትነሳ ሰምቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እስክትመለስ የጠበቃት ይመስለኛል።